የተሰገደበት ሰው

ባለፈው ሚያዝያ፣ በአርበኞች ቀን ዋዜማ፣ ወልቂጤ ገበያ ቆጮ ልገዛ ቆሜ ነበር። ሻጯ የተጠቀለለበትን የእንሰት ቅጠል ገለጥ አድርጋ «ሽተቺው፣ በደንብ የከረመ ነው» አለችኝ። ሸተትኩት። ከዚያ በኋላ ዋጋውን ስትነግረኝ አልሰማኋትም። ከኋላዬ ባጃጆች ይጮሃሉ፣ ሰው ይገፋኛል፤ እኔ ግን የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ ቡታጅራ ዳር፣ አጎቴ ጓሮ ውስጥ ቆሜያለሁ። ከፊቴ በቅጠልና በድንጋይ የተከደነ ጉድጓድ አለ። እዚያ ውስጥ ሰው እንደተቀበረ እርግጠኛ ነኝ።

ሆቴል ተቀምጠው ክትፎ በቆጮ የሚያዙ ሰዎች ስለዚህ ሽታ ብዙ ይላሉ። አንዱ ምራቁን ይውጣል፣ ሌላው አፍንጫውን ይይዛል። ለእኔ ያን ዓመት የሞተ ሰው ሽታ ነበር። ይህን ስናገር ባለቤቴ ይስቅብኛል፤ እኔም አብሬው እስቃለሁ፤ ግን ሳቄ ሙሉ አይደለም።

ያን ዓመት እናቴ ታማ ለሕክምና አዲስ አበባ ሄደች። በሰኔ ድና ተመልሳለች፤ ይህን አስቀድሜ የምናገረው አንባቢዬ በእሷ እንዳይጨነቅ ነው። እኔን ግን ያኔ እንዲህ ብሎ ያጽናናኝ አልነበረም። አባቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ ዛሬ ጅማ ከሆነ ነገ ሞጆ ነው። ስለዚህ ትምህርቱ እስኪያልቅ ታላቅ ወንድሙ ከድር ዘንድ እንድቀመጥ ወሰነ። በአለም ገና ዞረን፣ በቡኢ አልፈን ቡታጅራ ስንደርስ ዘቢዳር ተራራ ግማሹ በጉም ተውጦ ነበር። የአጎቴ ቤት ከከተማው ዳር፣ ጋሪዎቹ ዞረው ከሚመለሱበት ቦታ ትንሽ አለፍ ብሎ ነው። ከቤቱ ኋላ ሙሉ ጓሮው እንሰት ነበር።

አባቴ ሻንጣዬን አወረደ፣ ሻዩን ጠጣ፣ ሊሄድ ሲል እንሰቱ ውስጥ ብቻዬን እንዳልገባ አስጠነቀቀኝ። ለምን ስለው እባብ አለ አለኝ። አባቴ መዋሸት አይችልበትም፤ ሲዋሽ ጆሮውን ይነካካል። ያን ቀን ጆሮው እስኪቀላ ነካካው።

እንሰት ውስጥ በቀትር እንኳን ምሽት ነው። ትልልቆቹ ቅጠሎች ላይ በላይ ተደራርበው ሰማዩን ይከድኑታል፤ ከሥራቸው ያለው መሬት ሁልጊዜ እርጥብ ነው። ነፋስ ሲነሳ ቅጠሎቹ እርስ በርሳቸው ሲላተሙ ብዙ ሰው የሚያጨበጭብ ይመስላል። የበልግ ዝናብ ሲጀምር ደግሞ ዝናቡ ካቆመም በኋላ እዚያ ውስጥ መዝነቡን አያቆምም፤ ከቅጠል ወደ ቅጠል ጠብ ጠብ ሲል ያመሻል። ወልቂጤ ቤታችን መንገድ ዳር ስለነበር ጫጫታ የለመደ ጆሮዬ ይህን ዝምታ አልወደደውም።

የአጎቴ ሚስት ዘይነባ አጥንተ ትልቅ፣ እጀ ፈጣን፣ ምላሷም እንደ እጇ ፈጣን የሆነች ሴት ነበረች። ምሳም ይሁን እራት፣ ማንም ሰው እጁን ሳይዘረጋ በፊት ከምግቡ ቆንጥራ በአንዲት የቆርቆሮ ሳህን ታደርጋለች፤ በእንሰት ቅጠል ትከድናታለች፤ ራሷ ይዛት ወጥታ ጓሮው መግቢያ ላይ ካለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ታስቀምጣለች። ማንንም አትልክም። ሳህኗ ጠዋት እዚያው ድንጋይ ላይ ታጥባ፣ ተደፍታ ትገኛለች። አጎቴ ከድር፣ በገበያ እህል የሚነግድ ለሁሉም ነገር አስተያየት የማያጣ ሰው፣ ስለዚህች ሳህን ብቻ አንድም ቀን ሲናገር አልሰማሁም። ሚስቱ ሳህኗን ይዛ ስትወጣ ወደ ግድግዳው ዞር ይላል።

የአጎቴ ልጅ ሰዓዳ ከእኔ በሁለት ዓመት ትበልጣለች። የማታውቀው ነገር የለም፤ ያላወቀችውንም ከራሷ ትሞላዋለች። ሳህኗ የማን እንደሆነች ስጠይቃት መጀመሪያ ምያለሁ አልናገርም አለች፤ ከዚያ ወዲያው ነገረችኝ።

«ለተሰገደበት ሰው ነው።»

ድሮ ጦርነት ሄዶ የቀረ ሰው ነው አለችኝ። መሞቱ ተሰማ፤ ሬሳው አልመጣም፤ መስጊድ ውስጥ ሬሳው በሌለበት የሙታን ስግደት ተሰገደበት፤ ተለቀሰ፤ ሰደቃ ተበላ። ከዓመታት በኋላ አንድ ቀን በእግሩ መጣ።

«እና አልሞተማ» አልኳት።

ሰዓዳ ተናደደች። «ተሰግዶበታል እኮ ነው የምልሽ» አለችኝ፤ ከዚህ በላይ ምን ላስረዳሽ በሚል ፊት።

እኔም አሰብኩበት። የተሰገደበት ሰው የአፈር ነው፤ ከአፈር ደግሞ ወጥቶ ምግብ የሚበላ ከሆነ ተመልሶ የሚገባበት ጉድጓድ ያስፈልገዋል። ጉድጓዱን ለማግኘት ብዙ አልቆየሁም። አንድ ቅዳሜ አክስቴና የጎረቤት ሴቶች እንሰት ሊፍቁ ተሰበሰቡ። አጎቴ ከቤት ወጣ፤ ሴቶች እንሰት ሲፍቁ ወንድ እዚያ አይቆምም። እግራቸውን ዘርግተው በሰሌዳ ላይ ሲፍቁ፣ የተፋቀውን ሲጨምቁ፣ ቃጫውን ለብቻ ሲያደርጉ በመገረም አየሁ። ከዚያ የተጨመቀውን ሁሉ ቅጠል ወደተነጠፈበት ጉድጓድ አወረዱት፤ በእግራቸው ረገጡት፤ ቅጠል አለበሱት፤ ድንጋይ ጫኑበት። አንዷ ሴት በሌላ ጉድጓድ ላይ ያለውን ድንጋይ አንስታ ክዳኑን ስትገልጥ ያ ሽታ ወጣ፤ ኮምጣጣ፣ ከባድ፣ የረጠበ። ወልቂጤ ሳለሁ ቆጮን የማውቀው ከገበያ ተጠቅልሎ ሲመጣ ነው፤ ከየት እንደሚመጣ ጠይቄም አላውቅ። የእንሰቱን ነገር በዓይኔ ባየውም የሽታው ነገር ግን ሌላ ነበር። ሰውየው ከዚህ ነው የሚወጣው አልኩ።

በዚያው ማታ ከዚያው ጉድጓድ የወጣ ቆጮ ቀረበ። አልበላሁም። በማግስቱም አልበላሁም። ጎመኑንና አይቡን እየለቀምኩ ቆጮውን ከሳህን ስር ሸሸግኩ። አክስቴ ጥቂት ቀን ዝም ብላ ካየችኝ በኋላ «የወልቂጤ ወይዘሮ፣ እንዲህ ስትከሺ አባትሽ ያራብኳት ይመስለዋል» አለች። ሁሉም ሳቁ። እኔ ደግሞ እናንተ ምን እየበላችሁ እንደሆነ ብታውቁ አትስቁም ነበር እላለሁ በልቤ።

ዝናቡ ሲበረታ ዱካ ማየት ጀመርኩ። ከእንሰቱ ውስጥ እስከ ጠፍጣፋው ድንጋይ ይመጣል፣ ተመልሶ ይገባል። የአንዱ እግር ዱካ የወታደር ቦት ጫማ ነው፣ የሶሉ ጥርስ ጭቃው ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። የሌላው እግር የበረባሶ ጫማ ነው፣ እሱም ወደ ጎን ያዘነብላል። እኔ የአንድ ሰው ዱካ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም። አንድ አንድ እግር ብቻ ያላቸው ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን እየዘለሉ የሚመጡ መሰለኝ። ይህን ለሰዓዳ ስነግራት ፊቷ ሲለወጥ አይቼ ይበልጥ ፈራሁ።

ከሁሉ የከፋው ግን ድምፁ ነበር። ጎሕ ሲቀድ አክስቴ ለሱብሂ ስግደት ስትነሳ እኔም ውሃ ላቀብላት አብሬያት እወጣለሁ። ጉሙ ከዘቢዳር ወርዶ ጓሮውን ሞልቶታል፤ የእንሰቱ ጫፍ ብቻ ነው የሚታየው። ከዚያ ውስጥ የሰው ድምፅ ይመጣል። ይጠራል።

«ተስፋዬ።»

ዝም ይላል። ሰው አቤት ለማለት የሚበቃውን ያህል ይጠብቃል።

«ገመዳ።»

ዝም ይላል።

«ወልዴ።»

እንዲህ እያለ ይቀጥላል፤ ከእያንዳንዱ ስም በኋላ ይጠብቃል፤ ማንም አይመልስለትም። የመጨረሻውን ስም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ስለሚጠራው መስማት አልችልም ነበር። ያን ጊዜ አክስቴ እጇን እየታጠበች ከሆነ ታቆማለች። ውሃው ከማሰሮው እየፈሰሰ እጇ ሳይንቀሳቀስ ይቀራል። ምን እያለ ነው ብዬ አልጠየቅኳትም። ከጉድጓዱ ውስጥ ጓደኞቹን እየጠራ እንደሆነ አውቄዋለሁ፤ አንድ ቀን አንዳቸው አቤት ቢሉስ የሚለው ነው ያስጨነቀኝ።

አንድ ዝናባማ ከሰዓት ጎረቤታችን የሚኖሩት ሽማግሌው ሼህ ቤታችን መጡ። እኔ ደጃፍ ላይ የቤት ሥራ እሠራለሁ። ሼሁ ቀስ ብለው ነበር የሚናገሩት፣ ግን ሁሉም ይሰማል። ሰውን በሕይወት እያለ ስሙን መንፈግ ወንጀል ነው አሉ። ሃይማኖቱ መንገድ አበጅቷል አሉ፤ ጠፍቶ የተመለሰ ሰው ይጠየቃል፤ የኔ ነው የሚለውን ይላል፣ የሚተወውን ይተዋል፤ ሳይጠየቅ ዕድሜውን ሊጨርስ ነው አሉ። አጎቴ ከድር ወደ ግድግዳው ዞረ። የመለሰችው አክስቴ ነበረች።

«ሼህ፣ እኔ ስሙን የጠራሁ ቀን ይሄ ቤት ይፈርሳል።»

እኔ ቀና ብዬ ምሰሶውን አየሁት። ጠንካራ ነው። ግን የዚያን ሰው ስም ማንም በስህተት እንዳይጠራው ፈጣሪን ለመንኩ፤ ጣሪያው ስር የምተኛው እኔ ነኝና።

እዚህ ላይ ያኔ ያልገባኝን፣ ካደግሁ በኋላ ከአባቴ አፍ የሰማሁትን ልናገር። የተሰገደበት ሰው የአባቴና የከድር ታላቅ ወንድም ነበር። የእኔም አጎት ማለት ነው። በሶማሊያ ጦርነት ጊዜ ሲዘምት ዘይነባን ካገባ ዓመት አልሞላውም። ሞተ ሲባል አለቀሰች፣ ጥቁር ለበሰች፣ የሚጠበቀውን ጊዜ ጠበቀች፤ ከዚያ በአካባቢው እንደተለመደው የሟች ወንድም ከድር አገባት። ልጆች ወለዱ። ሰውየው ግን ተማርኮ ኖሮ እስረኞች ሲለቀቁ መጣ። ሽማግሌዎች ተቀመጡ። እሱ የወንድሙን ልጆች አየ፣ እሷን አየ፣ አንድም ቃል ሳይናገር ተነስቶ ጓሮ ወዳለችው የጥበቃ ጎጆ ገባ። እዚያው ቀረ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በቤቱም በሰፈሩም ማንም ስሙን አይጠራም፤ መንገድ ላይ ቢያየው ሌላ ቦታ ያያል። ስሙ ከተጠራ በሕይወት አለ ማለት ነው፤ በሕይወት ካለ ደግሞ ዘይነባ የማን ሚስት ናት የሚለው ጥያቄ ይነሳል። ሰው ሁሉ ለእሷ አዘነና እሱን ሞቶ እንዲቆይ ተወው። ክፉ ሰዎች አልነበሩም። እኔን እስካሁን የሚያስፈራኝም ይኸው ነው፤ ደግ ሰዎች ተስማምተው አንድን ሰው ዓመታት ሙሉ ከነነፍሱ ቀብረውት መኖር መቻላቸው።

ሚያዝያ ገባ። ትምህርት ቤታችን በየዓመቱ በአርበኞች ቀን ዋዜማ ዝግጅት ያደርጋል፤ አንድ ሽማግሌ አርበኛ ሜዳሊያቸውን አድርገው መጥተው ይናገራሉ። እኚያ ሰው ያን በጋ አረፉ። ቲቸር መኮንን የሚባል ከቡኢ የመጣ አዲስ መምህር ኃላፊነቱ ተሰጠው። ከየቤታችን ለአገር የተዋጋ ሰው ካለ እንድንጠራ ጠየቀን። የጣሊያን ጊዜ ባይሆንም ግድ የለም አለ፤ የተዋጋ ሁሉ ክብር ይገባዋል። የቡታጅራ ልጆች እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ ማንም እጁን አላወጣም። ከዚያ ስለ በዓሉ ትርጉም አስረዳን። ለአገር የሞቱ ሰዎች ጠፍተው አልቀሩም አለ፤ በዚህ ቀን እዚህ መካከላችን ናቸው።

እኔ እጄን አወጣሁ። «ከተጠሩ ይመጣሉ?» አልኩት።

ቲቸር ጥያቄዬ ደስ አለው። «ከተጠሩ ይመጣሉ። የማይመጡት የሚጠራቸው ሲጠፋ ነው» አለኝ።

ቲቸር የሚያወራው ስለ ማስታወስ ነው። እኔ የያዝኩት ግን ቃል በቃል ነበር። የሞቱት ሰዎች የሚመጡበት ቀን አለ፤ እኛ ጓሮ ውስጥ ደግሞ አንድ አለ፤ ማንም አልጠራውም። ሌላም ምክንያት ነበረኝ፣ እሱን ለሰዓዳም አልነገርኳትም። እናቴ ከሄደች ጀምሮ ከአባቴ በስተቀር ማንም ስለ እሷ አይነግረኝም፤ እሱም ሲመጣ ደህና ናት እያለ ጆሮውን ይነካካ ጀመር። ሙታንን የሚያውቅ ሰው ካለ እሷ እነሱ ዘንድ መድረስ አለመድረሷን ያውቃል አልኩ።

ለዝግጅቱ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ ዝናቡ አባርቶ ነበር። ደብተሬን ደጃፍ ላይ አስቀምጬ ዱካውን ተከትዬ ገባሁ። ከጠፍጣፋው ድንጋይ አልፌ፣ ከጉድጓዶቹ አልፌ፣ ቤቱ እስኪጠፋኝ ድረስ ሄድኩ። ቅጠሎቹ ያጨበጭባሉ። በድንገት የተጠረገ መሬት ላይ ወጣሁ። አንዲት ሣር አልነበረችበትም፤ መጥረጊያው የተጎተተበት መስመር ቀጥ ቀጥ ብሎ ይታያል። መሀሉ ላይ ትንሽ ጎጆ አለች። ሰውየው በሯ ላይ ቆሞ ነበር፤ ከመቼ ጀምሮ እያየኝ እንደነበር አላውቅም። ረጅም ነው፣ ሽበታም ነው፣ የወታደር ካፖርት ለብሷል። አንድ እግሩ ቦት ጫማ ውስጥ ነው፤ ሌላው ተጣሞ በረባሶ አድርጓል። ሁለት ሰዎች አለመሆናቸውን ያኔ አወቅሁ።

ለሞተ ሰው አንተ ይባል አንቱ ይባል ማንም አላስተማረኝም። አንተ አልኩት።

«ነገ የእናንተ ቀን ይከበራል። ትምህርት ቤት ተጠርተሃል።»

እንደ መስማት አለና ወደ ኋላው አየ፤ ለሌላ ሰው የተናገርኩ ይመስል። ሲናገር ድምፁ ለረጅም ጊዜ ያልተከፈተ በር ዓይነት ነበር። ማን ነው የጠራኝ አለኝ። ቲቸር አልኩት። ፈራ ተባ ብሎ በስሜ ነው ወይ ሲለኝ ስሙን እንደማላውቅ ነገርኩት። ከዚያ የመጣሁበትን ጠየቅኩት።

«እናቴን አይተሃታል?»

«የት?»

«እዚያ። የሞቱት ጋ።»

ቁልቁል አየኝ። ፊቱ ላይ ምን እንዳለፈ አሁንም በቃል መናገር አልችልም። ቀስ ብሎ ቁጢጥ አለ፤ የተጣመመው እግሩ አላስችለው ብሎት አንድ እጁን መሬት ላይ አደረገ። የእናቴን ስም ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። ዓይኑን ጨፍኖ አሰበ፤ የሚያውቃቸውን ሁሉ አንድ በአንድ እያየ ይመስለኝ ነበር።

«የለችም» አለኝ። «ወላሂ የለችም። እዚያ ያሉትን እኔ ሁሉንም አውቃቸዋለሁ።»

አለቀስኩ። እናቴ ከሄደች ጀምሮ ያን ቀን ነው ያለቀስኩት። እሱ አላባበለኝም፤ ዝም ብሎ ጠበቀ። ሲወጣልኝ የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቀኝ። የጀማል አልኩት።

«ጀማል ልጅ ወለደ» አለ ለራሱ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «ደሊል ነው ስሜ» አለኝ።

ከዚያ ስወጣ ስሙን በአፌ ይዤ ነበር፤ ከንፈሬን ገጥሜ። ቤት ስገባ ምሰሶውን እያየሁ አለፍኩ። እራት ላይ አክስቴ ምን ሆነሽ ነው አፍሽን የዘጋሽው ስትለኝ ጥርሴን አመመኝ አልኩ።

በማግስቱ ጠዋት የትምህርት ቤቱ ግቢ ሞላ። ወላጆች ተጠርተዋል፤ ሰዓዳ ከዘማሪዎቹ አንዷ ስለነበረች አክስቴም ሻርፗን አሳምራ መጥታ ከሴቶቹ ጋር አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች። አጎቴ ገበያ ነው። ጉሙ ገና አልገፈፈም፤ የባንዲራው ጫፍ አይታይም ነበር። መዝሙሩ ተዘመረ። ለሞቱት የአንድ ደቂቃ የኅሊና ጸሎት ሲባል ሁሉም ተነስቶ አንገቱን ደፋ። ጸሎቱ አልቆ ቀና ስንል በሩ ላይ ቆሞ አየነው።

ካፖርቱን አጥቦት ነበር፤ ገና አልደረቀም። እያነከሰ በሰልፎቹ መካከል አለፈ። ማንም አልጮኸም። ሴቶቹ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ቢስሚላህ ይላሉ። ከዚያ ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ ሌላ የሚያየው ነገር አገኘ፤ አንዱ ጫማውን፣ አንዱ ሰማዩን፣ አንዷ የልጇን ቁልፍ። ምንም የማያውቀው ቲቸር መኮንን ብቻ በደስታ ሮጦ ተቀበለው፤ እጁን በሁለት እጁ ጨበጠው፤ ስምዎ ማን ይባላል አለው። አልመለሰም። ቲቸርም አላስጨነቀውም፤ ወደ መሀል አምጥቶ ለልጆቹ የጦርነቱን ነገር ይንገሩልን አለው።

አጎቴ ደሊል እጆቹን ወደ ጎን አድርጎ ቀጥ ብሎ ቆመ። ከዚያ በየጠዋቱ ከጉሙ ውስጥ በምሰማው ድምፅ ጠራ።

«ተስፋዬ።»

ጠበቀ። ከታችኛው ክፍል ሰልፍ ውስጥ አንድ ቀጭን የልጅ ድምፅ መጣ።

«አቤት!»

ተስፋዬ የሚባል የሦስተኛ ክፍል ልጅ ነበር። ስሙ ሲጠራ አቤት ማለት ነው የተማረው፤ በየጠዋቱ እንደዚያ ነው የሚደረገው። ጥቂት ልጆች ሊስቁ ጀምረው የሰውየውን ፊት ሲያዩ ተዉት። ሰውየው ከድንጋጤው ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄዶ ነበር። ልጁን ፈልጎ አገኘው፤ አየው። ብዙ ዓመት ጠርቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው የመለሱለት።

«ገመዳ» አለ። ገመዳ የሚባል አልነበረም። ጠበቀ። «ወልዴ» ሲል አንድ ትልቅ ልጅ አንገቱን ደፍቶ አቤት አለ። «ሁሴን» ሲል ቡታጅራ ነውና ከየሰልፉ ብዙ አቤት ተሰማ። ስሞቹን መጥራቱን ቀጠለ። ልጆቹም ነገሩ ጨዋታ አለመሆኑን በራሳቸው አወቁ፤ ስማቸው ሲጠራ ቀስ ብለው መለሱ። ያልተመለሰለት ስም ሲኖር ግቢው ሁሉ አብሮት ጠበቀ። ከዚያ ወዲህ ሚያዝያ ሃያ ሰባት በመጣ ቁጥር በቴሌቪዥን የአበባ ጉንጉን ሲቀመጥ አያለሁ፤ ሟቾቹ ይከበራሉ፣ ደግ ነው። እኔ ግን የማስበው ከጦርነት ተመልሶ የሚጠራው ያጣውን ነው። የአጎቴ ጦርነት በዓል የለውም፤ ያን ቀን በሌሎች በዓል ላይ ቆሞ ነበር የራሱን ያደረገው።

በመጨረሻ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ደሊል» አለ።

ደሊል የሚባል ልጅ በግቢው አልነበረም። በዚያ ሰፈር ከእሱ በኋላ ማንም ለልጁ ያንን ስም አላወጣም። እኔ የክፍሎቹን ጣሪያ አየሁ፤ ከዚያ አክስቴን አየሁ። ሻርፗን በሁለት እጇ ይዛለች። እሱ የራሱን ስም ጠርቶ እንደ ሌሎቹ ሁሉ ጠበቀ፤ ራሱ ሊመልስ አልቻለም። ዝምታው ሲረዝም ቲቸር መኮንን በየጠዋቱ እንደለመደው ወደ ሰልፎቹ ዞሮ ጠየቀ።

«ደሊል የለም?»

«አለ» አለች አክስቴ ዘይነባ።

ከአግዳሚው ተነስታ ነበር። ፊቷ አመድ መስሏል። አጠገቧ ያለችው ሴት ቀሚሷን ይዛ ልታስቀምጣት ስትሞክር እጇን አላቀቀች።

«ደሊል አለ። ይኸው ቆሟል» አለች፤ አሁን ሁሉም እንዲሰማ።

ዝግጅቱ እንዴት እንዳለቀ አላስታውስም። የማስታውሰው ወደ ቤት ስንሄድ ነው። አክስቴ ከፊት ናት፤ እሱ እያነከሰ ከኋላዋ ራቅ ብሎ፤ እኔና ሰዓዳ መሀል። በየደጁ የቆሙ ሰዎች ነበሩ። አንድ ባለ ጋሪ ፈረሱን አቁሞ አሰላሙ አለይኩም አለው፤ ደሊል መልሱን እስኪያገኘው ጋሪው አልፎ ሄደ። ሰዓዳ እጄን አጥብቃ ይዛ ስለነበር ጣቶቼ ደነዘዙ። ምን እየሆነ እንደሆነ አልገባትም፤ እኔም አልገባኝም፤ ግን ሁለታችንም ቤቱ ቆሞ እንደሆነ ለማየት እንቸኩል ነበር።

ቤቱ ቆሟል። ወሬው ቀድሞን ስለደረሰ አጎቴ ከድር ከገበያ ተመልሶ በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ እጁና ልብሱ ዱቄት ነክቶታል። ሼሁም መጥተው ከግድግዳው ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። አክስቴ ከባሏ ፊት ስትደርስ ቆመች፤ አለፍ ብላም አልገባች፣ ወደ ኋላም አልተመለሰች። ከድር በእሷ ትከሻ ላይ አሻግሮ ወንድሙን አየው። ዓመታት ሙሉ ወደ ግድግዳ ሲያዞር የኖረውን ዓይኑን ያን ቀን አላዞረውም።

«ወንድሜ፣ ያኔ ሳትናገር ሄድክ። አሁን ሼሁም አሉ፣ እሷም አለች። የምትለውን በል፤ የምትለው ይሆናል።»

አክስቴ መሬት መሬት ታያለች። አሁን ትልቅ ሰው ሆኜ ሳስበው፣ ያን ሁሉ ዓመት ፈርታ የኖረችውን ጥያቄ በገዛ አፏ ጠርታ ያመጣችው እሷ ነበረች፤ መልሱ ከልጆቿ አባት ሊለያት እንደሚችል እያወቀች ነው «አለ» ያለችው።

ደሊል አክስቴን አየ፤ ከበሩ ውስጥ አጮልቀው የሚያዩትን ልጆች አየ፤ ሰዓዳን አየ።

«ሞቻለሁ አልልም» አለ። «ከዚህ ሌላ የኔ ነው የምለው የለኝም።»

ሼሁ አልሀምዱሊላህ ብለው ፊታቸውን በመዳፋቸው አበሱ። አጎቴ ከድር ከበሩ ዞር ብሎ ለወንድሙ መግቢያ ለቀቀለት።